ከአጥሪላል ዘር እስከ ቀይ ብርሃን፦ መድኃኒት ያቆሰለውን ገላ በብርሃን የማከም ታሪክ



ለካንሰር ከሚሰጡ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ዕጢውን ሲዋጉ መዳፍንና የውስጥ እግርን ያቆስላሉ። መጀመሪያ እንደ መደንዘዝና መቆጥቆጥ ይላል፤ ቀጥሎ ይቀላል፣ ያብጣል፤ ሲብስ ውሃ ይቋጥርና ይላጣል። እናት ትኩስ የቡና ሲኒ መያዝ ያቅታታል፤ አባት ጫማ አጥልቆ መስጂድ መድረስ ይከብደዋል። አንዳንዱ ሕመምተኛ «ለሐኪሙ ብነግረው መድኃኒቱን ይነሳኛል» ብሎ ሕመሙን ውጦ ይቀመጣል። ሌላው ደግሞ ለማንም ሳይናገር ኪኒኑን ራሱ ያቆማል። ሁለቱም መንገድ አደገኛ ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለዚህ ዓይነቱ ሕመም በቀይ ብርሃን የሚሰጥ ሕክምና እየተጠና ነው። ዛሬ የምናወጋው የዚህን ሕክምና ታሪክ ነው። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ በብርሃን የማከም ታሪክ ሲጻፍ የአንድ ሙስሊም የዕፅዋት ሊቅ ስም ስለሚነሳ፣ ድርሻው ሳይጨመርም ሳይቀነስም ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባናል። ሁለተኛ፣ «ብርሃን» የሚለው አንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ይዟል፤ አንዱ የሚያቃጥል፣ ሌላው የሚያስታግስ። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው የታመመ ዘመዱን ለማዳን ብሎ ሊያቃጥለው ይችላል።

◆ የማላጋው ሊቅ

ዲያኡዲን አብደላህ ኢብኑ አሕመድ፣ በዓለም የሚታወቀው ኢብኑል በይጣር በሚለው ስሙ ነው፤ ትርጉሙም «የእንስሳት ሐኪሙ ልጅ» ማለት ነው። የተወለደው በአንዳሉስ፣ በማላጋ አካባቢ ነው። በሴቪያ ከታዋቂው የዕፅዋት ሊቅ ከአቡል ዐባስ አን-ነባቲ ተማረ። ከዚያ ሰሜን አፍሪካን አቋርጦ ዕፅዋት እየሰበሰበ ወደ ምሥራቅ ተጓዘ። በግብጽ የአዩቢዩ ሱልጣን አል-ካሚል የዕፅዋት ባለሙያዎች አለቃ አድርጎ ሾመው። በመጨረሻም በ646 ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1248 በደማስቆ አረፈ፤ አላህ ይዘንለት።

ትልቁ ሥራው «አል-ጃሚዕ ሊሙፍረዳት አል-አድዊያ ወል-አግዚያ» ይባላል። ከ1,000 በላይ የሆኑ የመድኃኒትና የምግብ ዓይነቶች በፊደል ተራ ተደርድረው የቀረቡበት መዝገብ ነው። ከእነዚህ አንዱ በበርበሮች ቋንቋ «አጥሪላል» የሚባል ተክል ነው፤ ትርጉሙ «የወፍ እግር» እንደማለት ነው። በመግሪብ ያሉ በርበሮች የዚህን ተክል ዘር ለለምጽ ሕክምና ይጠቀሙበት እንደነበር ኢብኑል በይጣር መዝግቧል። ዘሩ ይፈጫል፣ ከማር ጋር ይወሰዳል፤ ከዚያ ሕመምተኛው ለምጽ የወጣበትን ገላ ለኃይለኛ ፀሐይ ያጋልጣል። ነጩ ቦታ ይቆስላል፣ ውሃ ይቋጥራል፤ ቁስሉ ሲሽር ቆዳው ቀለም መልሶ ይይዛል ተብሎ ይጠበቃል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ዘሩ ብቻውን አይሠራም። ፀሐይዋም ብቻዋን አትሠራም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ቆዳው የሚለወጠው፤ የሚለወጠውም በመቃጠል በኩል አልፎ ነው። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር፣ ይህ «መድኃኒት የሚያመጣው የቆዳ መቆጣት» ነው፤ ልዩነቱ ሆን ተብሎ መደረጉ ብቻ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ደግሞ ይህ ዕውቀት የሙስሊሙ ዓለም ብቻ አልነበረም። ሕንዶች በሌላ ተክል ዘር ተመሳሳይ ሕክምና ከእርሱ በፊት ብዙ ዘመን ሲጠቀሙ ኖረዋል። የኢብኑል በይጣር ድርሻ የበርበሮቹን ልማድ ከነአወሳሰዱ በጽሑፍ ማኖሩ ነው። ባይጽፈው ኖሮ ከእነርሱ ጋር ተቀብሮ ሊቀር ይችል ነበር።

◆ ካይሮ፣ በ1940ዎቹ

ከ700 ዓመታት ገደማ በኋላ ያው ዘር በግብጽ የባህል መድኃኒት ሻጮች ዘንድ ተፈጭቶ ይሸጥ ነበር። የካይሮው የቆዳ ሐኪም አብዱልሙንዒም አል-ሙፍቲ ይህን ዱቄት አይቶ እንደ ተራ ወሬ አላለፈውም፤ እንዲሁ አምኖም አልተቀበለውም። መመርመር ጀመረ። በ1947 ፋህሚና አቡ-ሻዲ የተባሉ ግብጻውያን የመድኃኒት ሊቃውንት በዘሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ዛሬ ሐኪሞች «ሜቶክሲሶራለን» የሚሉት ነው። በ1948 ደግሞ አል-ሙፍቲ በለምጽ ሕሙማን ላይ ያየውን ውጤት በግብጽ የሕክምና መጽሔት አሳተመ።

መንገዱ ግን ቀላል አልነበረም። ንጥረ ነገሩን ወስዶ ፀሐይ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስበለጠ ሰው ክፉኛ ይቃጠል ነበር። የፀሐይ ኃይል በሰዓቱ፣ በወራቱ፣ በቦታው ይለያያል፤ በማንኪያ አይሰፈርም። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ «ብርሃኑን እንዴት እንለካው?» የሚለው ሆነ።

መልሱ በ1974 ከቦስተን መጣ። ፓሪሽና ፊትስፓትሪክ የተባሉ የቆዳ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሶሪያሲስ የተባለውን የቆዳ ሕመም ማከም ጀመሩ። ሕመምተኛው ኪኒኑን ይውጣል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ አልትራቫዮሌት ጨረር በሚለቁ አምፖሎች ወደተሞላ ሳጥን ይገባል፤ በተለካ ደቂቃ ይወጣል። ሕክምናው «ፑቫ» ተባለ፤ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሌላ ነገር ታየ፤ ሕክምናውን ለብዙ ጊዜ የደጋገሙ ሰዎች ላይ የቆዳ ካንሰር ጨመረ። በዚህም የተነሳ ዛሬ በአብዛኛው ቦታውን ያለ ኪኒን ለሚሰጥ ሌላ ዓይነት የአልትራቫዮሌት ሕክምና ለቋል። ማር ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው ነው፤ ልክ ያልተበጀለት ፈውስ ራሱ በሽታ ይሆናል።

◆ የኮፐንሃገኑ ሐኪም

ወደ አውሮፓ ተሻግረን ጥቂት ወደኋላ እንመለስ። ኒልስ ፊንሰን በ1860 በፋሮ ደሴቶች የተወለደ ሐኪም ነው። ራሱ ለብዙ ዓመታት ታማሚ ነበር፤ ፀሐይ ሲያገኝ ደግሞ ሻል ይለው ነበር። «ይህ ከምን የመጣ ነው?» ብሎ ጠየቀ። በ1896 በኮፐንሃገን የብርሃን ሕክምና ተቋም ከፈተ። በዚያ ዘመን የቆዳ ቲቢ የሰውን ፊት አበላሽቶ ከሰው የሚለይ በሽታ ነበር። ፊንሰን ከኃይለኛ የኤሌክትሪክ መብራት የሚወጣውን ብርሃን በኳርትዝ ምስሪት እያሰባሰበ፣ ሙቀቱን በውሃ እያበረደ፣ ቁስሉ ላይ አሳረፈ። በ1903 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ በማግስቱ ዓመት በ43 ዓመቱ ሞተ።

ፊንሰን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1893 ስለ ፈንጣጣ ሌላ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ የፈንጣጣ ሕሙማን በቀይ መጋረጃ በተሸፈነ ክፍል ይተኙ የሚል። ሐሳቡ ቀዩ ብርሃን ያድናል የሚል አልነበረም፤ ቀዩ መጋረጃ ቆዳን የሚያቃጥሉትን ጨረሮች ይከለክላል የሚል ነበር። የፈንጣጣው ሕክምና በኋላ ተቀባይነት አላገኘም። ልዩነቱ ግን ለታሪካችን ይጠቅመናል። አልትራቫዮሌትና ቀይ ብርሃን ሁለቱም ብርሃን ይባላሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

◆ ያልተጠበቀው ፀጉር

የመጀመሪያው ሌዘር በ1960 በአሜሪካ ተሠራ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በቡዳፔስት ኤንድሬ ሜስተር የተባለ የሃንጋሪ ሐኪም ሌዘርን በአይጦች ላይ መሞከር ጀመረ። በቦስተን አንድ ሐኪም ኃይለኛ ሌዘር ተጠቅሞ የአይጥ ዕጢ አቃጥያለሁ ብሎ ነበርና ሜስተርም ያንኑ ሊደግም ፈለገ። የእርሱ መሣሪያ ግን ሳያውቀው እጅግ ደካማ ነበር። ዕጢው ንቅንቅ አላለም። ይልቅስ ለሙከራው የተላጨው የአይጦቹ ፀጉር ብርሃን ባረፈበት ቦታ ፈጥኖ በቀለ። ይህ የሆነው በ1967 አካባቢ ነው።

ሜስተር «ሙከራዬ ከሸፈ» ብሎ አልተወውም። ደካማ ቀይ ብርሃን ቁስልንም ያሽር እንደሆነ ፈተነ፤ ቀጥሎም ለረጅም ጊዜ አልድን ባሉ የሰው የእግር ቁስሎች ላይ ሞከረ። ዛሬ «ፎቶባዮሞዱሌሽን» የሚባለው ሕክምና የተወለደው ከዚህ ነው።

እንዴት ይሠራል? በሰፊው የሚሰጠው ማብራሪያ ይህ ነው። በሕዋሳታችን ውስጥ ኃይል የሚያመነጩ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። ቀይ ብርሃንና ከቀይ ቀጥሎ ያለው ለዓይን የማይታየው ጨረር በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ባለ ፕሮቲን ይዋጣል። በዚህም የሕዋሱ የኃይል ምርት ይነቃቃል፣ እብጠት ይቀንሳል፣ ቁስል ቶሎ ይጠግናል። እዚህ ማቃጠል የለም፣ ውሃ መቋጠር የለም። ሕክምናው በአግባቡ ሲሰጥ ሕመምተኛው ቢበዛ ለብ ያለ ነገር ይሰማው ይሆናል እንጂ አያመውም። የአጥሪላል ዘር የሚሠራው ቆዳን ቆስቁሶ ነው፤ ይህኛው ደግሞ የተቆጣውን በማብረድ ነው።

◆ ከአይጥ ፀጉር ወደ ሕሙማን አፍ

ኬሞቴራፒ ፈጥነው የሚባዙ ሕዋሳትን ይመታል። ዕጢ ፈጥኖ ይባዛል፤ የአፍ ውስጥ ስስ ሽፋንም ፈጥኖ ይባዛል። ስለዚህ ከባድ ኬሞ የሚወስድ ሰው አፉ ይቆስላል። ምራቅ መዋጥ ያቅተዋል፣ መብላት ይተዋል፣ አንዳንዴ ለሕመሙ ሞርፊን ያስፈልገዋል። የሜስተር ደካማ ብርሃን ቦታውን ያገኘው እዚህ ነው። በ1990ዎቹ የፈረንሳይ ሐኪሞች በሕሙማን አፍ ውስጥ ደካማ ሌዘር ሞክረው ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አሳዩ።

በአሜሪካ ደግሞ ከማይጠበቅ ቦታ እርዳታ መጣ። ናሳ በጠፈር ውስጥ ተክል ለማብቀል ያሠራቸው ቀይ የኤል.ኢ.ዲ. መብራቶች ነበሩ። ሃሪ ዊላን የተባለ የዊስኮንሲን ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እነዚህን መብራቶች የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ በሚደረግላቸው ሕፃናት ላይ ሞክሮ በ2002 ውጤቱን አሳተመ። ለተክል ማብቀያ የተሠራ መብራት የታመመ ሕፃን አፍ ማስታገሻ ሆነ፤ ሱብሐነላህ!

በ2014 ዓለም አቀፉ የካንሰር ደጋፊ ሕክምና ማኅበር ለንቅለ ተከላ ሕሙማን ደካማ ሌዘርን ለአፍ ቁስለት መከላከያ በመመሪያው አስገባ፤ መመሪያው የአንገትና የራስ ካንሰር ሕሙማንንም ያካትታል። በእንግሊዝ የመንግሥት የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2018 ስለዚሁ ሕክምና መመሪያ አወጣ። እንግዲህ ለአፍ ቁስለት ነገሩ ከሙከራ አልፎ መመሪያ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

◆ መዳፍና የውስጥ እግርስ?

መጀመሪያ ላይ ያነሳነው ሕመም «የእጅና እግር ሲንድሮም» ይባላል። በ1974 ማይቶቴን የተባለ መድኃኒት በሚወስዱ ሕሙማን ላይ ተመዘገበ፤ በ1984 ደግሞ ሎኪችና ሙር የተባሉ አሜሪካውያን ኬሞ ከሚወስዱ ሌሎች ሕሙማን አይተው በዝርዝር ጻፉት። በ1998 ኬፕሳይታቢን የተባለው ኪኒን በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ይህ ኪኒን ለብቻው ሲሰጥ ከሚወስዱት ሰዎች ግማሽ ያህሉ በተለያየ ደረጃ ሲንድሮሙ ይታይባቸዋል። ዶክሶሩቢሲንና አንዳንድ ሌሎች የካንሰር መድኃኒቶችም ያመጡታል።

ቀይ ብርሃን ለዚህ ሕመም ይሠራል? እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች ትናንሽ ናቸው፤ ሕመም በማስታገስ ረገድ ተስፋ ያሳዩ አሉ። ለአፍ ቁስለት ያለውን ያህል ማስረጃ ግን ገና አልተሰበሰበም። «ቀይ ብርሃን ፈወሰው» ብሎ የሚሸጥ ማስታወቂያ ካያችሁ ከማስረጃው ቀድሞ የሮጠ ነው።

ርካሽ ነገር ደግሞ ዝም ብሎ መታለፍ የለበትም። በ2024 የታተመ የሕንድ ጥናት ኬፕሳይታቢን በሚወስዱ 264 ሰዎች ላይ ዲክሎፌናክ የተባለውን የሚቀባ ጄል ሞከረ። ጄሉን ከተቀቡት ውስጥ መካከለኛ ወይም ከባድ ሕመም የታየባቸው 3.8 በመቶ ሲሆኑ፣ መድኃኒት የሌለውን ጄል ከተቀቡት ግን 15 በመቶ ነበሩ። ጄሉ በየፋርማሲው የሚገኝ ዓይነት ነው፤ ቢሆንም ለሕመምተኛው ይስማማ እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ሒናም ሳይጠና አልቀረም። በ2008 የቱርክ ሐኪሞች በጥቂት ሕሙማን ላይ ሒና መሻሻል እንዳመጣ ጽፈዋል። ጥናቱ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ መደምደሚያ አይሆንም። ከዚህ ሌላ «ጥቁር ሒና» ተብሎ የሚሸጠው ኬሚካል የተጨመረበት ቀለም ራሱ ቆዳን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ቀለሙም መቅላቱን ከሐኪም ዓይን ይሸፍናል።

◆ ታሪኩን ስናወራ በልክ እናውራ

በየገጹ «ሌዘርን የፈለሰፉት የኛ ሊቃውንት ናቸው» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ሲለጠፍ እናያለን። ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ለሊቃውንቱ ክብር አይጨምርላቸውም። የበስራው ኢብኑል ሀይሠም ብርሃን እንዴት ተጉዞ ዓይን እንደሚገባ በሙከራ አጥንቷል፤ ቆዳ አላከመበትም። ኢብኑል በይጣር የዘርና የፀሐይን ሕክምና መዝግቧል፤ ቀይ ብርሃንን አላወቀም። ኢብኑ ሲና በ«ቃኑን» መጽሐፉ መድኃኒት ሲፈተን መጠበቅ ያለባቸውን ሰባት ሁኔታዎች ዘርዝሯል። እነዚህ እውነቶች ብቻቸውን ይበቃሉ።

ከእነዚህ ሰዎች የምንወርሰው መፈተንን ነው። አል-ሙፍቲ በጎዳና የሚሸጥ ዱቄት አይቶ አልናቀም፣ አላወደሰም፤ መረመረ። ሜስተር የከሸፈ ሙከራውን አልደበቀም፤ መረመረ። የአያቶቻችንን ዕውቀት ማክበር ማለት ይህን መድገም ነው።

◆ በቤታችን ሕመምተኛ ካለ

አንደኛ፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ። ቀይ ብርሃን ሕመም ያስታግሳል ማለት ፀሐይ ያስታግሳል ማለት አይደለም። ፀሐይ አልትራቫዮሌት አለባት፤ ሙቀትም አላት። ኬፕሳይታቢንን ጨምሮ ብዙ መድኃኒቶች ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጉታል፤ ዶክሲሳይክሊን የተባለው የተለመደው አንቲባዮቲክም እንዲሁ። በኢንተርኔት የተገዛ አምፖልም ምን ዓይነት ጨረር በምን መጠን እንደሚለቅ ሳይታወቅ ሕመምተኛ ላይ አይበራም። ይልቁንም ዕጢው ባለበት ቦታ ላይና በዓይን አቅራቢያ ያለ ሐኪም አይሞከርም።

ሁለተኛ፣ ሕመሙ እንደጀመረ ለሐኪም ይነገር። ሐኪሙ መድኃኒቱን ለጥቂት ቀን ሊያቆም፣ መጠኑን ሊቀንስ ይችላል፤ ይህ የታወቀ አሠራር ነው እንጂ ሕክምናውን መተው አይደለም። ሕመምተኛው ራሱ ሲያቆመው ግን ዕጢው ዕድል ያገኛል። ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ የሚመላለስ ዘመድ ካለን፣ በቀጠሮው መካከል የሚደወልበትን ስልክ አስቀድመን እንያዝ።

ሦስተኛ፣ የቤት ሥራውን እንካፈል። ሙቅ ውሃ፣ ልብስ ማሸት፣ ጠባብ ጫማ፣ ረጅም መንገድ፣ የጋለ ድስት ሕመሙን ያብሳሉ። ለውዱእ የፈላ ውሃ ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ ቆዳው ከተላጠ በኋላ ስላለው ብይን ደግሞ ዓሊም ይጠየቅ። ቅባት በቀን ደጋግሞ መቀባት ይጠቅማል። እናታችን ሲኒውን መያዝ ካቃታት ቡናውን እኛ እንቅዳ፤ ማፈር የለም።

አራተኛ፣ ድንገተኛውን እንለይ። ማንኛውም መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍ መቁሰል፣ በሰፊው ውሃ የሚቋጥርና የሚላጥ ቆዳ ከታየ፣ ብርሃንም ቅባትም ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይኬድ። እንዲህ ያለውን ከባድ ሕመም አንዳንድ የሚጥል በሽታ፣ የሪህና የሰልፋ መድኃኒቶች ሊያመጡት ይችላሉ፤ ሕይወት ያጠፋል።

ኢብኑል በይጣር ዘሩን ሲጽፍ እንዴት እንደሚወሰድ አብሮ ጽፏል። ፑቫ ተወዳጅ የሆነው ብርሃኑ መለካት ሲችል ነው፤ የተፈራውም ሲበዛ ነው። ሜስተርም ፀጉር ሲበቅል ያየው ብርሃኑ ደካማ ስለነበረ ነው። አላህ ለሕሙማኖቻችን ዓፊያውን ይስጣቸው፤ ለሚያክሟቸውም ጥበቡን ይጨምርላቸው። ይህን ጽሑፍ ኬሞ የሚወስድ ዘመድ ላለው ሰው አድርሱልን፤ ዝም ብሎ ሕመሙን የሚውጥ ሰው ሊኖር ይችላል።